እንጎቻ፣ ሙልሙልና ዳቦ ቆሎ፤ ለመስጠት የሚጋገሩ ትንንሽ ዳቦዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ በየሰፈሩ የልጆች ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» የሚሉ ልጆች ከደጃችን ሲቆሙ፥ በውስጥ ያለን ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው፤ ኪሳችንን እንዳብሳለን። ዝርዝር ካገኘን እንሰጣለን፤ ካላገኘን ደግሞ ይቅርታ ጠይቀን እንሸኛለን። ልጆቹም ምርቃታቸውን አድርሰው ወደ ሌላው በር ያልፋሉ። በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዘመን ግን በዚያች ሌሊት ከቤት ወደ ደጅ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ሳይሆን ትኩስ ሙልሙል ነበር።

ገንዘብ መስጠት በራሱ ክፋት የለበትም። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ «ድሮ ዳቦ ይሰጥ የነበረው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፥ መልስ ያለን ስንቶቻችን ነን? ዳቦው ከመሶባችን ሲጠፋ ታሪኩም አብሮት ይጠፋል። ታሪኩ የጠፋበት በዓል ደግሞ ቀስ በቀስ ከሃይማኖት ተለይቶ ጨዋታ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በቤታችን ስለሚጋገሩ ሦስት ትንንሽ ነገሮች እንነጋገራለን፤ እነርሱም እንጎቻ፣ ሙልሙልና ዳቦ ቆሎ ናቸው። ስለ ድፎ ዳቦ ብዙ ተብሏል፤ በበዓል ቀን በመሶብ ላይ ተቀምጦ፣ በካህን ወይም በቤቱ አባት ተባርኮ የሚቆረሰው እርሱ ነውና። ትንንሾቹ ግን ብዙ ጊዜ አይወራላቸውም። ይሁን እንጂ ልብ ብለን ካየናቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ትልቁ ዳቦ ለተሰበሰቡት ይቆረሳል፤ ትንሹ ዳቦ ግን ገና ሲጋገር ጀምሮ የሚሰጠው ሰው አለው። እንጎቻ ለሕፃኑ፣ ሙልሙል ከደጅ ለቆመው፣ ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለመንገደኛው ነው። ሦስቱም ትንሽ የሆኑት ሙሉአቸውን በአንድ ሰው እጅ ላይ እንዲቀመጡ ነው።

እንጎቻ፤ የሊጡ መጨረሻ

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ አጠገብ የሚያንዣብብ ሕፃን አይጠፋም። እናቱ ትልልቁን እንጀራ አውጥታ ከጨረሰች በኋላ በሊጡ ዕቃ ሥር የቀረችውን አሟጣ መዳፍ የምታህል ክብ ታፈስለታለች። ያቺ ትንሽ እንጀራ እንጎቻ ትባላለች። ሕፃኑ ከማንም ጋር የማይካፈላት፣ ገና ስትጤስ በሁለት እጁ የሚቀበላት የራሱ ድርሻ ናት። ብዙዎቻችን የሰው ልጅ ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚያስብ መጀመሪያ የተማርነው ከዚያች እንጎቻ ነው፤ ማንም ሳያስታውሳት እናታችን ለእኛ አስባለችና።

ይህ የምድጃ ዳር ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ክቡር ቦታ አለው። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ቅድስት ሥላሴን በእንግድነት በተቀበለ ጊዜ፥ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ እንድታደርግ ነግሯታል (ዘፍ. 18÷6)። የእንግዳ አቀባበል ሁሉ አርአያ የሆነው ያ ማዕድ የተጀመረው በሊጥ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚደንቀው የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ነው (1ኛ ነገ. 17÷8-16)። ዝናም በተከለከለበት በዚያ የረሃብ ዘመን ነቢዩ ኤልያስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ወደ ሰራፕታ ሄደ። በከተማይቱ በር እንጨት የምትለቅም መበለት አገኘና ውኃ ጠየቃት፤ ልታመጣለት ስትሄድም ቁራሽ እንዲጨምርለት ለመናት። እርስዋ በማድጋዋ ከእፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ያንን ጋግራ ከልጅዋ ጋር በልታ ሞትን ልትጠብቅ ነበር። ነቢዩ ግን አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ እንድታደርግለት፥ ከዚያም በኋላ ለራስዋና ለልጅዋ እንድታደርግ ነገራት። እርስዋም እንደ ቃሉ አደረገች፤ ዝናም እስከሚዘንም ድረስም ዱቄቱ ከማድጋው አልጨረሰም፤ ዘይቱም ከማሰሮው አልጎደለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛው የተጋገረው ነገር ነው፤ ዱቄትና ዘይት ብቻ! ዛሬም በአጽዋማት ወቅት በቤታችን የሚጋገረው ዳቦ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ከሊጡ መጨረሻ ለሕፃናት እንሰጣለን፤ መልካም ነው። መበለቲቱ ግን የሊጡ መጨረሻ የነበረውን መጀመሪያ አድርጋ ሰጠች። ጌታችንም በናዝሬት ምኵራብ ሲያስተምር ይህችን ሴት አስታውሷታል (ሉቃ. 4÷26)። ትልቅ መሥዋዕት የምትባለው ከብዛቷ የተነሣ እንዳልሆነች እንጎቻዋ ትመሰክራለች።

ሙልሙል፤ የደብረ ታቦር ዳቦ

ነሐሴ 13 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዓለ ደብረ ታቦርን ታከብራለች። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም መልኩ ተለወጠ፤ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ፤ ልብሱም እንደ ብርሃን ነጭ ሆነ። ሙሴና ኤልያስ ከእርሱ ጋር ሲነጋገሩ ታዩ። ብሩህ ደመናም ጋረዳቸው፤ የአብ ድምፅም ከደመናው ተሰማ፤ ደቀ መዛሙርቱም በፊታቸው ወደቁ (ማቴ. 17÷1-9፤ ማር. 9÷2-8፤ ሉቃ. 9÷28-36)። ቅዱስ ጴጥሮስም ከዓመታት በኋላ በመልእክቱ ያን ድምፅ በቅዱሱ ተራራ እንደ ሰማ መስክሯል (2ኛ ጴጥ. 1÷16-18)።

በሀገራችን ይህ በዓል «ቡሄ» እየተባለም ይጠራል። ሊቃውንት ለስሙ ሁለት ትርጓሜ ይሰጣሉ። በአንድ ወገን ቡሄ ማለት ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው፤ የክረምቱ ጨለማ መግፈፍ፣ ሰማዩም መገለጥ የሚጀምርበት ወቅት ስለሆነ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ «ቡሆ» ማለት ሊጥ ነውና በዕለቱ ከሚቦካውና ከሚጋገረው ዳቦ ጋር ያያይዙታል። አንዱ ትርጓሜ ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ቡሃቃው ይመለከታል። በዓሉ ራሱ ሁለቱን በአንድነት የያዘ ነው፤ ከተራራው ብርሃን፣ ከቤቱም ዳቦ!

ሙልሙል ከደብረ ታቦር ጋር የተያያዘበትን ምክንያት ትውፊታችን እንዲህ ይነግረናል። ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ጊዜ በተራራው ዙሪያ የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ከብቶቻቸውን ይዘው በዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸው ልጆቹ ሳይመለሱ መቅረታቸውን ባዩ ጊዜ ችቦ አብርተው፣ ዳቦም ይዘው ፍለጋ ወጡ። ዛሬ የምናበራው ችቦ፣ ለልጆች የምንሰጠውም ሙልሙል የዚያ መታሰቢያ ነው። የጅራፉ ድምፅም ከደመናው ለተሰማው ለአብ ድምፅ፣ የሚያስደነግጥ መሆኑም ለሐዋርያቱ ድንጋጤ ምሳሌ ሆኖ ይተረጎማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። የጌታችን መገለጥ፣ የነቢያቱ መታየትና የአብ ድምፅ በወንጌል የተጻፈ የሃይማኖታችን መሠረት ነው። የእረኞቹና የዳቦው ታሪክ ደግሞ በትውፊት የተቀበልነው፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ትረካ ነው። ልጆቻችንን ስናስተምር ሁለቱን ሳንቀላቅል ልንነግራቸው ይገባል። እንዲህ ስናደርግ ትውፊቱ ክብሩ አይቀንስም፤ ወደ ወንጌሉ የሚያደርስ መንገድ ሆኖ ቦታውን ይይዛል። ሙልሙሉን የተቀበለ ልጅ ከዳቦው ወደ እረኞቹ፣ ከእረኞቹ ወደ ተራራው፣ ከተራራውም ወደ ጌታ ሊደርስ ይችላልና።

ሙልሙል የሚሰጣቸው ሰዎች ማንነትም ትምህርት አለው። መጀመሪያ በየደጁ እየዞሩ የሚዘምሩት ልጆች ናቸው። ቀጥሎም የክርስትና ልጆች ናቸው፤ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት በቡሄ ለክርስትና ልጆቻቸው ሙልሙል መስጠታቸው የቆየ ልማድ ነው። በጥምቀት ዕለት ልጁን ከካህኑ እጅ የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱ በዚያው ቀን አላበቃም፤ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ሲደርስ በዳቦ ይታደሳል። የክርስትና ልጃችን የት እንዳለ፣ ምን እንደሚማር፣ ቤተ ክርስቲያን ይመላለስ እንደሆነ የማናውቅ ብዙዎች ነን። ሙልሙል ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን በሩን ያንኳኳል።

ደብረ ታቦር የአብነት ተማሪዎችም በዓል ነው። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው በየመንደሩ እየዞሩ ለበዓሉ የሚሆን እህልና ጌሾ ይለምናሉ፤ ዳቦውን ጋግረው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ከመምህራቸውና ከአካባቢው ምእመናን ጋር በዝማሬ ያከብሩታል። በተራራው ላይ ምሥጢር የተገለጠላቸው ደቀ መዛሙርት እንደ ነበሩ ሁሉ፥ ዛሬም ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠው ምሥጢር የሚማሩት ዕለቱን የራሳቸው አድርገው መያዛቸው የተገባ ነው።

ዳቦ ቆሎ፤ የመንገደኛው ስንቅ

ሦስተኛው ከሁሉ ያነሰው ነው። ዳቦ ቆሎ የስንዴ ዱቄት በጨውና በጥቂት በርበሬ፣ በዘይት ታሽቶ፣ ጠንከር ብሎ ከተቦካ በኋላ በጣት ውፍረት እየተድቦለቦለ፣ በሽምብራ ፍሬ መጠን እየተቆረጠ በምጣድ ላይ የሚቆላ ነው። ሊጡ ዳቦ ነው፤ አሠራሩና አበላሉ ግን እንደ ቆሎ ነው፤ ስሙም ሁለቱን ይዟል። ከሱቅ ከምንገዛው ብስኩት አስቀድሞ የቤታችን ብስኩት እርሱ ነበር ብንል አንሳሳትም።

የዳቦ ቆሎ ጥበብ ውኃን ማስወጣት ነው። ዳቦ የሚሻግተው በውስጡ በቀረው እርጥበት ነው። ዳቦ ቆሎ ግን ትንንሽ ሆኖ ስለሚቆረጥና በዝግታ እሳት እስኪደርቅ ስለሚቆላ እርጥበቱ ይወጣል፤ በደረቅ ዕቃ ከተያዘም ለሳምንታት ይቆያል። በዚህም ምክንያት የነጋዴው፣ የዘማቹ፣ ከሀገር ሀገር ለትምህርት የሚሄደው ተማሪና ወደ ቅዱሳት መካናት የሚጓዘው ምእመን ስንቅ ሆኖ ኖሯል።

የአብነት ተማሪን ሕይወት ያየ ሰው የደረቅ ምግብን ትርጉም ያውቃል። ተማሪው በእመቤታችን ስም እየለመነ ያገኘውን ቁራሽ በአኩፋዳው ይሰበስባል፤ የተረፈውንም አድርቆ ኮቾሮ አድርጎ ይመገበዋል። እናቱ ከቤት ሲወጣ የቋጠረችለት ዳቦ ቆሎ ካለቀ በኋላ የሚደግፈው የማያውቃቸው እናቶች እጅ ነው። የዛሬዎቹ ካህናትና መምህራን ብዙዎቹ ያደጉት በእነዚያ ቁራሾች ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ለተማሪ የተዘረጋች ቁራሽ ሁሉ በቅዳሴውና በማኅሌቱ ውስጥ ድርሻ አላት።

ተጓዦችንም እናስብ። ወደ አክሱም ጽዮን ለኅዳር 21፣ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ለታኅሣሥ 19፣ ወደ ላሊበላ ደግሞ ለታኅሣሥ 29 በዓል የሚጓዙ ምእመናን መንገዳቸውን የሚያደርጉት በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይቆያልና። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዳቦ ቆሎ በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይታሻል። ስንቅ አዘጋጅዋ እናት ዘይቱን ስታፈስ ስለ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ወቅቱም አስባለች ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከግድግዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሊጡም ውስጥ ይገኛል።

ነቢዩ ኤልያስና ሦስቱ ዳቦዎች

እነዚህን ሦስት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው አንድ ሰው በሦስቱም ዘንድ እናገኛለን፤ እርሱም ነቢዩ ኤልያስ ነው። በሰራፕታ እንጎቻን ተቀብሎ በላ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በተመኘ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አበላው፣ አጠጣው፤ በዚያም ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እስከ እግዚአብሔር ተራራ እስከ ኮሬብ ተጓዘ (1ኛ ነገ. 19÷4-8)። ስንቅ ማለት ይህ ነው! በመጨረሻም ሙልሙል በሚጋገርለት በዓል፣ በታቦር ተራራ ከጌታችን ጋር ሲነጋገር ታየ።

ይህ ማስተዋላችን እንጂ ሦስቱ የቤት ዳቦዎች ከነቢዩ ታሪክ ተወሰዱ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ለልባችን የሚናገረው አለ። በረሃብ ቀን ከአንዲት ድሀ እጅ እንጎቻ ተቀብሎ የኖረው ነቢይ የክብርን ጌታ በክብሩ ሊያይ በቅቷል። እኛም ከደጃችን የሚቆመው ልጅ፣ ተማሪ ወይም መንገደኛ ነገ ማን እንደሚሆን አናውቅም። መበለቲቱም የተቀበለችው መንገደኛ በታቦር ላይ እንደሚቆም አላወቀችም ነበር።

በወንጌልም ሕዝቡ በተራበ ጊዜ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዞ የተገኘው አንድ ብላቴና ነበር (ዮሐ. 6÷9)። ስንቁን ማን እንደ ቋጠረለት ወንጌሉ አልነገረንም። ጌታችን ግን ያንን ትንሽ ስንቅ አልናቀም፤ ባርኮ ብዙ ሺህ ሰው መገበበት።

የቤት ዳቦና የቤተ ልሔም ኅብስት

ስለ ቤት ዳቦ ይህን ያህል ስንናገር አንድ ነገር እንዳይቀላቀል እንጠንቀቅ። ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ኅብስት ከቤታችን የሚመጣ አይደለም። ከንጹሕ ስንዴ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ባለው ቤተ ልሔም፣ በሥርዓቱ መሠረት በአገልጋዮች ይዘጋጃል፤ በጸሎተ ቅዳሴም ተለውጦ የጌታችን ቅዱስ ሥጋ ይሆናል። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ ስያሜው ጌታችን የተወለደባትን ከተማ ያሳስበናል።

የቤታችን ሙልሙል ግን ምግብ ነው፤ ምጽዋት ነው፤ መታሰቢያ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ የማይተዋወቁ አይደሉም። ከመሠዊያው ሰማያዊውን ኅብስት የተቀበለ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ ምድራዊውን እንጀራ ለራሱ ብቻ ሊይዝ አይገባውም። በቅዳሴ የተቀበልነው ፍቅር በደጃችን መታየት አለበት። እናቶቻችን ሊጡን ሲያቦኩና ሲጋግሩ በስመ አብ ብለው ማማተባቸውም ይህንን ያሳየናል።

የተለወጠው ምንድን ነው?

ዛሬ በከተማ የሚኖር ቤተሰብ በሥራ ቀን ሊጥ ማቡካት እንደሚከብደው እናውቃለን። ዳቦ ከመጋገሪያ ቤት ቢገዛ በደል አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባናል።

የመጀመሪያው የጾሙ ጉዳይ ነው። ቡሄ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። በዓሉ ታላቅ ቢሆንም ጾሙ አይፈታም። ሙልሙልም ከጥንት ጀምሮ የጾም ዳቦ ነው፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ይበቃዋል። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ብስኩቶች፣ ኬኮችና ለስላሳ ዳቦዎች ግን ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አለባቸው። ለልጆች «ለቡሄ» ብለን ስንሰጥ ሳናውቀው ጾማቸውን እንዳናስፈታቸው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እናንብብ፤ መጋገሪያ ቤቱንም እንጠይቅ።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለልጆቹ ሳንቲም ብቻ መስጠት ከተለመደ ወዲህ በየደጁ መዞሩ ገቢ የሚሰበሰብበት ሥራ መምሰል ጀምሯል። ልጁ የሚያስበው ስንት እንዳገኘ ነው፤ ሰጪውም የሚያስበው ቶሎ እንዲሄዱለት ነው። ዳቦ ግን ሰጪውን ያደክማል፤ አስቀድሞ ማቡካት፣ መጋገርና ተዘጋጅቶ መጠበቅ ይጠይቃል። ተቀባዩም የተጠበቀ እንግዳ መሆኑን ያውቃል። በስጦታው ውስጥ የሰጪው ጊዜ አለበትና።

ሦስተኛው የታሪኩ ጉዳይ ነው። እረኞቹ በውጭ፣ በሜዳ የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ ዳቦው ወደ እነርሱ ሄደ እንጂ እነርሱ ወደ ዳቦው አልመጡም። ዛሬ በውጭ የቀሩት እነማን ናቸው? ሌሊቱን በበራችን የሚያድረው ጥበቃ፣ በጎዳና የሚያድሩ ልጆች፣ በሆስፒታል ያለ ጠያቂ የሌለው ታማሚ፣ ከቤት መውጣት ያልቻሉ አረጋውያን ናቸው። ለእነዚህ አንድ አንድ ሙልሙል ይዘን ብንወጣ ትውፊቱን በሚገባ ጠበቅነው ማለት ነው።

በቤታችን እንጋግር

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ለብ ያለ ውኃ 10 ያህል ሙልሙል ይወጣዋል። ሊጡ በደንብ ታሽቶ ኩፍ እስኪል ይቀመጣል፤ ከዚያም በእጅ እየተቆረሰ ሞላላ ወይም ድቡልቡል ቅርጽ ይይዛል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ በምጣድ ላይ ተከድኖ ወይም በመጋገሪያ ምድጃ ይበስላል። ለዳቦ ቆሎ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ሩብ ብርጭቆ ዘይት በቂ ነው፤ ውኃው ሊጡን ለመያዝ ያህል ብቻ ይሁን። እሳቱ ዝግ ብሎ፣ እጅም ሳያቋርጥ እያማሰለ እስኪደርቅ ይቆላል።

ነገር ግን ከመጠኑ ይልቅ የምናሳስበው ሌላ ነው፤ ልጆችን ከሊጡ አናርቃቸው። ዱቄት ቢበትኑም፣ የሚድቦለብሉት ቢጣመምም፣ እጃቸው በሊጥ ተለውሶ ሳለ የሚሰሙት ታሪክ አይረሳቸውም። ሊጡ ኩፍ እስኪል ባለው ጊዜ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17ን እናንብብላቸው። ከጋገርነውም ውስጥ የመጀመሪያውን ለማን እንደምንሰጥ እነርሱ ይምረጡ። የሰራፕታዋ መበለት «አስቀድሞ» መስጠትን እንዳስተማረችን ከዳቦው ፊተኛው ለቤት አይሁን።

በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በር እያንኳኩ መዝፈን በማይለመድበት ሰፈር ልጆቻችሁን እንደምታሳድጉ እናውቃለን። በዓሉ የሚውለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን ነው። በአጥቢያችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ዳቦውን አብረው ቢጋግሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለአረጋውያን በእጃቸው ቢሰጡ፣ የክርስትና ልጆችም የክርስትና ወላጆቻቸውን ቢያገኙ፥ በዓሉ ከዚያ አዳራሽ ውስጥም ሙሉ ነው። አማርኛው የሚከብደው ልጅ እንኳ በእጁ የያዘውን ትኩስ ዳቦ ቋንቋ ይረዳዋል።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የእናቶቻችን ትምህርት ቤት ማጀት ነበር፤ ያስተማሩንም በቃል ብቻ ሳይሆን በመዳፍ በምታህል እንጎቻ፣ በትኩስ ሙልሙልና በጨርቅ በተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ነበር። በሚመጣው ቡሄ ልጆቹ ከደጃችን ሲቆሙ ኪሳችንን ከመዳበሳችን በፊት መሶባችን ይዘጋጅ። ልጁ «ይህ ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅም መልሱ በአፋችን፣ ዳቦውም በእጃችን ይገኝ።

ብርሃነ መለኮቱን በደብረ ታቦር የገለጠ አምላካችን ልቡናችንን ያብራልን፤ የመበለቲቱን ማድጋ የባረከ የቤታችንን ማድጋ ይባርክልን። የእመቤታችን ምልጃ፣ የነቢዩ ኤልያስና የቅዱሳን ሐዋርያት በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር